ቶሎ ያለቀ ታሪክ

ልቦለድ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። አጀማመሩ አምሮ፣ መሐሉም ልብ ሰቅሎ ሳለ ደራሲው ይደክመዋል፤ ወይም አንባቢውን ደስ ለማሰኘት ይቸኩላል። ባለታሪኩን በአንድ ምዕራፍ ያድነውና፣ ይድረውና፣ "ተፈጸመ" ብሎ ይገላገላል። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምሰጣቸው ምክር ነበር፤ "መጨረሻውን ቶሎ አትመኑት። መጽሐፉ በተዘጋ ማግስት ጧት ባለታሪኩ ምን ሆኖ እንደሚነሣ ጠይቁ" እላቸው ነበር።

ዛሬ የምተቸው ታሪክ አንድ ደራሲ የለውም። ሁለት መቶ ዓመት ያህል በቃልም በጽሑፍም፣ በማስታወቂያም በሳይንስ ዜናም ሲነገር የኖረ ነው። እንዲህ ይሄዳል። አንድ ሰው በኦፒየም፣ ወይም ከዚያው በተወለዱት በሞርፊንና በሄሮይን ይያዛል። ይወድቃል፣ ይዋረዳል፣ ቤቱን ያፈርሳል። ከዚያ ጥንታዊ ጥበብ ያለው የቻይና ሐኪም ይመጣል፤ በአንድ እጁ የተቀቀለ ሥራ ሥር፣ በሌላው ቀጭን መርፌ ይዟል። ሰውየው ለዐሥር ቀን ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም "ይጸዳል"። ተፈጸመ። የዘመናችን ቅጂ በሥዕል የታጀበ ነው፤ ሁለት የአንጎል ምስሎች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። የግራው ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ የቀኙ እንደ ደመራ የተቀጣጠለ ቀይና ብጫ። ከሥሩም "ከሕክምናው በፊት" እና "ከሕክምናው በኋላ" ይላል። አንጎሉ ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ነው።

የቻይናን ሕክምና ላጣጥል አልተነሣሁም፤ ወረድ ብለን እንደምናየው ከዚያ ቤት የወጣ ትልቅ ነገር አለ። አንጎል አያገግምም ልልም አይደለም፤ ያገግማል። ጠቤ ከመጨረሻው ጋር ነው። ይህ ታሪክ ማለቅ ከሚገባው ቦታ እጅግ ቀድሞ ያልቃል፤ ቶሎ ማለቁም ሰው ይገድላል። እንዴት እንደሚገድል እናያለን።

በቃላቱ እንጀምር፤ የኔ ሙያ ወደዚያው ነውና።

በአማርኛችን "ሱስ" ትከሻው ሰፊ ቃል ነው። የቡና ሱስ፣ የትንባሆ ሱስ፣ የጫት ሱስ፣ የሄሮይን ሱስ ሁሉንም ይሸከማል። "ኧረ ሱሴ ተነሣ፣ ቡና አፍሉ እንጂ!" የሚል ሰው ቤቱን ያስቃል እንጂ ማንንም አያስደነግጥም። ከዚያው ቃል "ሱሰኛ" ስንሠራ ግን ሳቁ ይጠፋል። "ኛ" የምትለው ትንሽ ምዕላድ ሰውየውን ከነነፍሱ ጠቅልላ ትውጠዋለች። ሌላው ቃላችን "ሐራራ" ነው፤ ሰውነት የለመደውን ሲያጣ የሚያሰማውን ጩኸት ይህን ያህል አጥርቶ የሚናገር ቃል በብዙ ቋንቋ የሚገኝ አይመስለኝም። ሦስተኛው "ጸዳ" ነው፤ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚጸዳው የቆሸሸ ነገር ነው። ልብስ ይጸዳል፣ ብርሌ ይጸዳል። በዚህ ቃል የሚያስብ ሰው ሕክምናን እንደ አጠባ ያየዋል፤ መርዙ ከውጭ ገባ፣ ታጠበ፣ ወጣ፣ አበቃ።

ሰውነት እንዲያ ቢሠራ ኖሮ ሐኪምም ባላስፈለገ። ሄሮይን ከደም ውስጥ በሰዓታት፣ ከሽንት በቀናት ውስጥ ይጠፋል። የሚቀረው እድፍ አይደለም፤ አንጎል የተማረው ትምህርት ነው። የተማሩት ነገር ደግሞ በውኃ አይታጠብም።

ነገሩን በገመድ ጉተታ ላስረዳ። በአንጎላችን ግንድ ውስጥ እንደ ማንቂያ ደወል የሚያገለግሉ ሕዋሳት አሉ። ኦፒየምና ቤተሰቦቹ እነዚህን ሕዋሳት ያረጋጋሉ። ጎትቶ የሚያረጋጋ ኃይል በየቀኑ ሲመጣ ሕዋሳቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ይበልጥ መጎተት ይለምዳሉ። ገመዱ ተወጥሮ ሚዛን የጠበቀ ይመስላል። አንድ ቀን መድኃኒቱ ሲቋረጥ አንደኛው ወገን ገመዱን ለቀቀ ማለት ነው፤ ሌላው በጀርባው ይወድቃል። ላቡ፣ ማዛጋቱ፣ የአፍንጫው ፈሳሽ፣ ተቅማጡ፣ የገላ መውረር፣ እንቅልፍ ማጣቱ ይሄ ነው። ለሄሮይን ተጠቃሚ ይህ ማዕበል በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ በሳምንት ዐሥር ቀን ውስጥ በአብዛኛው ይበርዳል። ልብ በሉ፤ ምንም ሥር ባይጠጣ፣ ምንም መርፌ ባይወጋ ይበርዳል። እንግዲህ በዐሥረኛው ቀን "ዳነ" ብሎ የሚያውጅ ሁሉ፣ ሻጩ ቻይናዊም ይሁን አሜሪካዊ፣ ሌላ ሳይጨምር የቀን መቁጠሪያውን እየሸጠ ሊሆን ይችላል።

ከዐሥር ቀኑ በኋላ የሚመጣው ግን ወራትና ዓመታት ይፈጃል። የተረበሸ እንቅልፍ አለ፤ ምንም ነገር የማያስደስትበት ጠፍ ስሜት አለ፤ አንድ የመንገድ ጥግ፣ የአንድ የድሮ ጓደኛ ድምፅ በድንገት የሚቀሰቅሰው አምሮት አለ። ታሪኩ በእውነት የሚጀምረው እዚህ ነው። የኛ ተራኪ ግን ሻንጣውን ሸክፎ ሄዷል።

ታሪኩ የተወለደው በቻይና ነው፤ ስለዚህ ወደዚያ እንሂድ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ1839 ሊን ዘሹ የተባለው የንጉሠ ነገሥቱ ባለ ሙሉ ሥልጣን መልእክተኛ ከእንግሊዝና ከሌሎች ነጋዴዎች የተረከበውን ከ20 ሺህ ሳጥን በላይ ኦፒየም ሁመን በተባለው ስፍራ በኖራና በጨው ውኃ አሟሙቶ ወደ ባሕር ለቀቀው። እንግሊዝ በጦር መርከብ መለሰች፤ በ1842 በናንጂንግ ውል ሆንግ ኮንግን ወሰደች። ይህን ታሪክ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ሊን ከጦርነቱ በፊት በ1838 ለንጉሠ ነገሥቱ ካቀረበው ማሳሰቢያ ጋር የመድኃኒት ቅመማ ማያያዙ ነው። አጥፊውን መቅጣት ብቻ አልበቃውም፤ በሱሱ የተያዘውን ማከም እንደሚያስፈልግ ገብቶት ነበር።

ቅመማው ሁለት ዓይነት እንክብል ነበር። አንደኛው ከሌሎች ዕፀዋት ጋር የኦፒየም አመድ የተቀላቀለበት ነው። ሁለተኛው ኦፒየም የለበትም፤ አቅም የሚያጠነክር ነው። ሰውየው በመጀመሪያው ይጀምራል፤ ከዚያ ቀን በቀን የመጀመሪያው እየቀነሰ ሁለተኛው ይተካዋል። ዛሬ "መጠንን ቀስ በቀስ መቀነስ" የሚባለው ዘዴ ይኸው ነው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ያሉት አበው በቻይናም ሳይኖሩ አልቀሩም። እኔን የሚገርመኝ ቅመማው በማስመሰል ላይ ያልተመሠረተ መሆኑ ነው፤ ሰውነት የለመደውን በአንድ ቀን እንደማይተው አምኖ ይነሣል።

ከሊን በኋላ የመጡት ግን ነጋዴዎች ነበሩ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያና በ20ኛው መባቻ በቻይና ገበያ "ፀረ ኦፒየም ክኒን" እንደ ቆሎ ይቸበቸብ ነበር። ከነዚህ ክኒኖች ብዙዎቹ በውስጣቸው ሞርፊን ነበረባቸው። ክኒኑን የዋጠ ሁሉ ሐራራው ወዲያው ይቆምለታል፤ ለምን አይቆምለትም? ሞርፊንን ሚሲዮናውያን ለሕክምና ያድሉት ስለነበር ሕዝቡ "የኢየሱስ ኦፒየም" የሚል ስም አወጣለት። በአውሮፓም ተመሳሳይ ነገር ሆነ፤ በ1898 ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሄሮይንን የሳል መድኃኒት አድርጎ ገበያ ላይ አዋለው። የሱስ መድኃኒት ታሪክ እንግዲህ እንዲህ ያለ አሽሙር የሞላበት ነው። በሊን እንክብልና በነጋዴው ክኒን መካከል ያለው ልዩነት በይዘት ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሁለቱም ውስጥ ኦፒየም አለ። አንደኛው ግን ምን እንደያዘ ይናገራል፣ ይቀንሳል፣ ይከታተላል። ሌላው ይደብቃል፣ "ዳንክ" ይላል፣ ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል።

አሁን ወደ መርፌው እንለፍ። በ1972 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ዌን የተባሉ የነርቭ ቀዶ ሐኪም በመርፌና በኤሌክትሪክ ንዝረት የቀዶ ሕክምና ሕመምን ለማስታገስ ሲሞክሩ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ኦፒየም ይወስድ የነበረ በሽተኛ ሐራራው እንደቆመለት ነገራቸው። በተከታዩ ዓመት 40 ሰዎችን ያከሙበትን ዘገባ አሳተሙ። ጊዜው ደግሞ ታላቅ ግኝት የተከታተለበት ነበር። በ1973 ኦፒየም የሚያርፍባቸው ቦታዎች አንጎል ውስጥ መኖራቸው ተረጋገጠ፤ በ1975 ደግሞ በስኮትላንድ አበርዲን ሂዩዝና ኮስተርሊትዝ አንጎል ራሱ የሚሠራቸውን ኦፒየም መሰል ንጥረ ነገሮች አገኙ። እያንዳንዳችን በጭንቅላታችን ውስጥ ትንሽ የኦፒየም ጓዳ ይዘን እንዞራለን ማለት ነው! በቤይጂንግ ሃን ጂሼንግ የተባሉት ተመራማሪ ይህንን ከመርፌው ጋር አያያዙት። በሴኮንድ 2 ጊዜ የሚነዝር ኤሌክትሪክ አንዱን፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚነዝር ሌላውን የተፈጥሮ ኦፒየም ከጓዳው እንደሚያስወጣ ዓመታት የፈጀ ጥናት አካሄዱ። ይህ እንግዲህ ተረት አይደለም፤ ላቦራቶሪ የገባ ጥያቄ ነው።

ከዚያ መርፌው ባሕር ተሻገረ። በኒውዮርክ ደቡብ ብሮንክስ ሊንከን ሆስፒታል በ1970 ያንግ ሎርድስና ብላክ ፓንተርስ የተባሉት የወጣት ንቅናቄዎች ባነሡት ግፊት ለሰፈሩ ሰው የሱስ ሕክምና ተከፍቶ ነበር። ድህነትና ሄሮይን ባንድ ላይ ያደቀቁት ሰፈር ነው። እዚያ አምስት የጆሮ ነጥቦችን የሚወጋ ዘዴ ተበጀ፤ በ1985 ዘዴውን የሚያስተምር ማኅበር ተቋቋመ፤ ወደ ብዙ አገርም ተዛመተ። ቦታው የሰዎች መሰባሰቢያ፣ ሻይ የሚጠጣበት፣ ማንም ማንንም የማያዋርድበት ክፍል ነበር። ታዲያ የረዳቸው መርፌው ነው? ሻይው ነው? ወይስ ክፍሉ?

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የያዙትን ላመስግን። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000 ይህንኑ የጆሮ መርፌ ሜታዶን እየወሰዱ በኮኬይን በተያዙ 82 ሰዎች ላይ ፈትነው ደስ የሚያሰኝ ውጤት አገኙ። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ መጨረሻው ያማረ ነው። እነርሱ ግን በሰፊው ደገሙት። በ2002 የታተመው ጥናት 620 የኮኬይን ተጠቃሚዎችን የያዘ ሲሆን፣ እውነተኛው መርፌ ሌላ ቦታ ከተወጋው መርፌም ሆነ አርፎ ዘና ከማለት አልበለጠም። ኮኬይን ኦፒየም አይደለም፤ ስለሄሮይን የመጨረሻውን ቃል አይሰጠንም። የሚያስተምረን ስለ ተራኪው ጠባይ ነው። የራሱን ጥሩ መጨረሻ ቀድዶ እንደገና የሚጽፍ ደራሲ ስንት አለ?

ስለ ዕፀዋቱ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ሩቅ ሆነን አንናገርም። ከ2004 ጀምሮ በወባ ሲታመም ኮአርተም የዋጠ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ባለውለታ ነው። ከመድኃኒቱ ሁለት ንጥረ ነገሮች አንዱ የተገኘው ቺንግሃው ከሚባለው የቻይና ተክል ነው። ቱ ዩዩ የተባሉት ሳይንቲስት ከ1,600 ዓመት በፊት በገ ሆንግ የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ሲያገላብጡ ተክሉን በውኃ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት እንጂ መቀቀል እንዳልተጠቀሰ አስተዋሉ። ሙቀት መድኃኒቱን ሳይገድለው አልቀረም ብለው በኤተር በዝቅተኛ ሙቀት አወጡት። በ1971 በእንስሳት ላይ ሠራ፤ በ1972 እርሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ቀምሰው ደኅንነቱን አዩ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ኮሶን የሚያውቅ አገር ይህን ታሪክ ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባል። ደስታው ግን ልብ ይበል። ተክሉን ያስከበረው ዕድሜው አይደለም። በዚያው ጥንታዊ ባህል ውስጥ ለወባ የታዘዙ ሌሎች ብዙ ዕፀዋት ተፈትነው ወድቀዋል። አንዱ ተፈተነና አለፈ።

ለሄሮይንስ? የተፈተነ አለ። ያንሁሱዎ ከሚባለውና በቻይና ለሕመም ማስታገሻነት ለዘመናት ከሚታወቀው ሥር የሚወጣ አንድ ንጥረ ነገር አለ፤ አንጎል ውስጥ ደስታንና ምኞትን በሚያመላልሰው በዶፓሚን መንገድ ላይ ይሠራል። በ2008 በታተመ የቻይና ጥናት 120 የሄሮይን ተጠቃሚዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ይህንኑ ለአንድ ወር ወሰዱ፤ ግማሾቹ መድኃኒት አልባ ክኒን። ከሦስት ወር በኋላ ሲታዩ ከወሰዱት ከመቶ 48 ያህሉ፣ ካልወሰዱት ከመቶ 15 ያህሉ ታቅበው ተገኙ። ተስፋ ሰጪ ነው። ነገር ግን አንድ ጥናት ነው፤ ሦስት ወር ነው፤ መድኃኒቱን ከወሰዱትም ከግማሽ የሚበልጡት አልታቀቡም። "ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም" ለሚሉን ደግሞ ይኸው ንጥረ ነገር "ጂን ቡ ኋን" በሚባል ክኒን አሜሪካ ገብቶ በ1993 በኮሎራዶ ሦስት ሕፃናትን መርዞ ሆስፒታል አስገብቷል፤ አዋቂዎችንም ጉበታቸውን አሳምሟል። እንክርዳድም ተፈጥሯዊ ነው።

እነዚያ ሁለት ባለ ቀለም ሥዕሎችስ? ሥዕል ማንበብም እንደ ጽሑፍ ማንበብ ነውና ጥቂት እንቆይባቸው። በ2001 በአሜሪካ በኖራ ቮልኮው የተመራ ቡድን ሜታምፌታሚን የሚባለውን አነቃቂ ዕፅ ይወስዱ የነበሩ አምስት ሰዎችን አንጎል ሁለት ጊዜ አነሣ፤ ዕፁን ባቆሙ ሰሞንና ከ12 እስከ 17 ወር ታቅበው ከቆዩ በኋላ። የዶፓሚን አመላላሾቹ ቁጥር በግልጽ አገግሞ ታየ። ሥር የለም፣ መርፌ የለም፣ ጊዜና መታቀብ ብቻ። ስለዚህ "በፊት" እና "በኋላ" የሚል ሥዕል ሲያሳዩን መጠየቅ ያለብን፣ ሥሩን ያልጠጣው ሰው ሥዕል የት አለ? ብለን ነው። ሌላም አለ። የነዚያ አምስት ሰዎች ሥዕል ቢያምርም የማስታወስና የቅልጥፍና ፈተናቸው የዚያን ያህል አልተሻሻለም። በቻይና በ2008 የተደረገ የሄሮይን ጥናት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ታቅበው የቆዩትም ሰዎች በአንዱ የአንጎል ክፍል ከጤነኞቹ ዝቅ ብለው መገኘታቸውን አሳይቷል። ማገገም ማለት እንግዲህ መብራት እንደማብራት አይደለም። አንዱ ክፍል ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል፤ ሥዕሉ ሲያምር ሕይወቱ ገና ሊሆን ይችላል።

አሁን "ሰው ይገድላል" ወዳልኩት ደረስን። ኦፒየምና ቤተሰቡ የሚገድሉት አተነፋፈስን በማዘግየት ነው። የለመደ ሰውነት ሌላውን የሚገድል መጠን ይችላል። ሲያቆም ግን ያ መቻል በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ምኞቱ ግን አይጠፋም። በ2003 የታተመ አንድ የለንደን ጥናት ሆስፒታል ተኝተው ከሄሮይንና ከመሰሎቹ ለመላቀቅ የታከሙ 137 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ሦስቱ መጠን በማለፍ ሞቱ። ሦስቱም የነበሩት ሕክምናውን በሚገባ ከፈጸሙት 37 ሰዎች መካከል ነው። አቋርጠው ከወጡት መካከል በዚህ ዓይነት የሞተ አልነበረም። ጎበዞቹ ናቸው የሞቱት፤ "ጸዱ" የተባሉት። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውየው ድሮ በሚያውቀው መጠን፣ ድሮ በማያውቀው ሰውነት ላይ ተመለሰ። አየሩ አጠረው። የምርቃቱ ድግስ ባለቀ በአራተኛው ወር ሳይሞላ ለቅሶ።

የማጽዳት ሐሳብ ጫፍ ሲወጣ ምን እንደሚመስልም ዓለም አይቷል፤ ያም በቻይና ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አንዳንድ ሆስፒታሎች የሱሰኛን ጭንቅላት ከፍተው ደስታን የሚያስተናግደውን የአንጎል ክፍል ማጥፋት ጀመሩ። ሱሱ እድፍ ከሆነ መፋቅ ነው! በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲህ ከተደረጉ በኋላ በ2004 የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር አስቆመው። ምኞትን ከሰው ነቅሎ ሰውየውን ማስቀረት ይቻላል ብሎ ያሰበ ሐኪም ልቦለድ አንብቦ አያውቅም ብል አይፈረድብኝ።

በዚያው ዓመት ግን ቻይና ሌላ መንገድም ጀመረች። ኤች አይ ቪ በመርፌ እየተላለፈ ስላስጨነቃት በ2004 በስምንት ክሊኒኮች ሜታዶን መስጠት ጀመረች፤ በጥቂት ዓመታት ከ700 በላይ ደረሱ። ሜታዶን ዶልና ናይስዋንደር የተባሉት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1965 ለዚህ አገልግሎት ያስተዋወቁት፣ እርሱም የኦፒየም ቤተሰብ የሆነ፣ በአፍ የሚወሰድና ቀኑን ሙሉ ሐራራን የሚያስታግስ መድኃኒት ነው። ከ2005 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

"ታዲያ ይሄ ሱስን በሱስ መተካት አይደለም ወይ?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ክብደት አለው፤ አላልፈውም። የስኳር ሕመምተኛ ዕድሜውን ሙሉ ኢንሱሊን ሲወጋ "የኢንሱሊን ሱሰኛ" አንለውም። በየቀኑ አንድ መጠን ወስዶ ሥራው የሚሄድ፣ ልጁን የሚያሳድግ፣ መርፌ የማይጋራ ሰው የሚያስፈልገውን ነገር ይወስዳል እንጂ ነገሩ እሱን አልወሰደውም። ሊን ዘሹም ይህ ገብቶት ነበር። የጥንቷ ቻይና ምርጥ ሐሳብ ከዘመናዊው ሜታዶን ጋር የሚጣላ ሳይሆን በመንገድ ላይ የሚገናኝ ነው። የሚጣሉት የቻይናና የምዕራብ ሕክምና አይደሉም፤ የሚጣሉት ታጋሽ ሕክምናና ችኩል ሕክምና ናቸው። ችኩሉ በሁለቱም ወገን አለ።

ትዕግሥት ብቻም አይበቃም፤ ቦታም ያስፈልጋል። ከቬትናም ጦርነት በ1971 ከተመለሱት ተራ የአሜሪካ ወታደሮች አምስት አንዱ እዚያ ሳለ በሄሮይን ተይዞ እንደነበር ሊ ሮቢንስ የተባሉት ተመራማሪ መዝግበዋል። አገሩ በሙሉ ደነገጠ። ይሁን እንጂ ተይዘው ከነበሩት መካከል በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት ያገረሸባቸው ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሕክምና አላገኙም። ጫካው፣ ፍርሃቱ፣ ርካሹ ሄሮይን ወዲያ ቀርቷል፤ እናትና ሥራ ወዲህ አሉ። ይህንን የሚያሳይ ባለ ቀለም የአንጎል ሥዕል የለም። ሰፈርን የሚያነሣ ካሜራ ገና አልተሠራም።

ልሰናበት ስል ወደ መጽሐፍ መደርደሪያዬ እመለሳለሁ። ሁለት እንግሊዛውያን ኦፒየም ወሳጅ ደራሲዎች ነበሩ። ቶማስ ደ ኲንሲ በ1821 የኦፒየም በላተኛ ኑዛዜውን በመጽሔት አሳተመ። ስለ ኦፒየም ከተጻፉት ሁሉ የሚያምረው ስድ ንባብ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ጸሐፊው ሰንሰለቱን የበጠሰ መስሎ ይወጣል። ዘመኑን ሙሉ ኦፒየሙን አልተላቀቀም፤ በ1859 እስኪሞት። ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ ደግሞ በ1816 ጊልማን የተባለ ሐኪም ቤት፣ ለንደን ሃይጌት፣ ለጥቂት ጊዜ ልታከም ብሎ ገባ። ሐኪሙ ኦፒየሙን መጥኖ ይሰጠዋል፤ ኮልሪጅ ደግሞ አንዳንዴ ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት በጓሮ ያስመጣል። አልጸዳም። ነገር ግን ማንም አላባረረውም። ከቤተሰቡ ጋር ገበታ ቀርቦ እየበላ፣ እየጻፈ፣ እንግዳ እያስተናገደ በዚያ ቤት 18 ዓመት ኖረ፤ በ1834 እዚያው ሞተ። እንደ ታሪክ የደ ኲንሲ መጨረሻ ይበልጣል። እንደ ሕይወት የኮልሪጅን እመርጣለሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከቤተሰብህ አንዱ በዚህ ነገር ቢያዝና የዳነ የሚመስል ምሥክር፣ ሥር፣ ክኒን፣ መርፌ ወይም ሥዕል ይዘው ቢመጡልህ ሦስት ነገር ጠይቅ። ከማን ጋር ተነጻጽሮ ነው የሠራው? ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ያያችሁት? ያገረሸባቸውስ የት ደረሱ? መልስ ካላቸው ስማቸው፤ ከየትም አገር ይምጡ። መልስ ከሌላቸው ታሪካቸው ቶሎ ያለቀ ነው።

"ማገርሸት" የሚለውን ቃልም እናስብበት። ወባ አገረሸበት ስንል በሽተኛውን አንሰድብም፤ ብርድ ልብስ እንደርብለታለን፣ ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን። ሱስ ያገረሸበትን ግን "አልኩ እኮ!" እንለዋለን፤ እሱም ይደበቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? በዚህ በሽታ ግን ሰውየው የሚደበቀው ቀድመን "ጸዳህ" ስላልነው፣ መልሶ መቆሸሹን ለመናገር ስለሚያፍር ነው። ብቻውን በር ዘግቶ ይወስዳል፤ ብቻውን የወሰደ ሰው ትንፋሹ ሲያጥር የሚቀሰቅሰው የለም።